ከገና ምሩቅ እስከ መውጫ ፈተና፦ በድሬዳዋ ተማሪን የማቆየት ታሪክ

ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ከግቢ የሚወጣው በሦስት መንገድ ነው፤ ተመርቆ፣ ተባርሮ ወይም አቋርጦ። ተማሪን ማቆየት የሚባለው ሥራ የኋለኞቹን ሁለቱን መቀነስ ነው። «መጠነ ማቋረጥ» እና «መጠነ መድገም» የሚሉት ቃላት በትምህርት ሚኒስቴር መዛግብት ለአንደኛና ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲሠራባቸው ኖረዋል፤ ዩኒቨርሲቲን በተመለከተ ግን በሰው አፍ ላይ የቆየው ቃል «ተባረረ» ነው። የቃሉ አመራረጥ ቀላል ጉዳይ አይደለም። «ወደቀ» ከተባለ ጥፋቱ የተማሪው ነው። «ተባረረ» ከተባለ ያባረረ አካል አለ። «አቋረጠ» ሲባል ደግሞ ምን ሆኖ እንደሄደ ሳይጠየቅ ይቀራል። በድሬዳዋና በአካባቢዋ የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ውስጥ እነዚህ ሦስት ቃላት በየዘመናቸው ተፈራርቀዋል፤ ከእነሱም ጋር ለተማሪው መቅረት ማን ይጠየቃል የሚለው ጥያቄ መልሱን እየቀያየረ መጥቷል።

ድሬዳዋ የራሷን ዩኒቨርሲቲ ያገኘችው ከተቆረቆረች ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐረር እንዲደርስ ታስቦ የነበረ ቢሆንም ተራራው አላስወጣ ስላለ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ሜዳ ላይ ደረሰና ጣቢያው ከተማ ወለደ። መጀመሪያ የተሰጣት ስምም አዲስ ሐረር ነበር። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ብዙው የኢትዮጵያ ዕቃ የሚወጣውም የሚገባውም በእሷ በኩል ሆነ። በደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ከዚራና መጋላ የተባሉት ሰፈሮች አደጉ፤ የምድር ባቡር መጠገኛ ተከፈተ፤ ኋላም የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካዎች መጡ። እንዲህ ባለ ከተማ ልጅ ቁም ነገር የሚማረው ክፍል ውስጥ ብቻ አልነበረም። መፍቻ የያዘ በመጠገኛው፣ ሚዛን የያዘ በቀፊራና በአሸዋ ገበያ፣ ቋንቋ የቀናው በመጋዘንና በጉምሩክ እንጀራውን ያገኝ ነበር። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪኛና ፈረንሳይኛ የሚያቀላጥፍ ወጣት ዲግሪ ሳይኖረው ቤተሰብ ያስተዳድር ነበር። በኋላ ዘመን «ታይዋን» እየተባለ የሚጠራው የኤሌክትሮኒክስና የልባሽ ገበያም ለብዙ ወጣት የትምህርት ተፎካካሪ ሆኖ ቆይቷል። በድሬዳዋ ትምህርት የሚያቋርጥ ሁሉ ሰነፍ ነው ብሎ መደምደም የከተማዋን አፈጣጠር አለማወቅ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ከመምጣቱ አስቀድሞ ሀገሩ ተማሪን የሚያቆይበት የራሱ ዘዴ ነበረው። በሐረርና በዙሪያዋ ቁርኣንና ኪታብ ለመቅራት ከሩቅ የሚመጣው ደረሳ በመስጊዱ ዙሪያ ያድራል፤ ምግቡን የሚያገኘው ከመንደሩ ነው። በደጋው የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይዞራል፤ ማታ ጎጆው ገብቶ ቅኔውን ይቆጥራል። ሁለቱም ከወላጅ የራቁ፣ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን የወጡ ናቸው። ያቆያቸው በአገሩ ያለ የማያውቃቸው ሰው ነበር፤ ተማሪን ማብላት ጽድቅ ነው፣ ሰደቃ ነው ብሎ የሚያምን ሰው። ከዚህ ልማድ በኋላ የመጣው ዩኒቨርሲቲ ምግቡንና መኝታውን መንግሥት ላይ ሲጥል ተማሪው ከመንደሩ ጋር የነበረው ዝምድና ላላ። ይህ ነገር በኋላ ዋጋ አስከፍሏል።

በምሥራቅ ኢትዮጵያ የመጀመሪያው የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የአለማያ እርሻ ኮሌጅ ነው። በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍና በኦክላሆማ ኮሌጅ መምህራን አማካይነት በ1945 ዓ.ም. ጅማ ላይ ሥራ ጀመረ፤ በ1949 ዓ.ም. ወደ አለማያ ተዛወረ፤ በጥር 1950 ዓ.ም. በይፋ ተመረቀ። ከአዲስ አበባ የተነሣ ተማሪ በባቡር ድሬዳዋ ይወርዳል፤ ከዚያ በመኪና የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ይወጣል። ድሬዳዋ በዚያ ዘመን ለተማሪው መሸጋገሪያ ናት፤ የሚያርፍባት እንጂ የሚማርባት አይደለችም። አለማያ ግቢው ሰፊ፣ ተማሪው ጥቂት፣ መምህሩ ከተማሪው ጋር በእርሻው ላይ የሚውልበት ስለነበር ተማሪ ሲጎድል ወዲያው ይታወቅ ነበር። በእንዲህ ያለ ግቢ ተማሪ ማቆየት የሚባል የተለየ ሥራ አያስፈልግም። ማኅበሩ ራሱ ሥራውን ይሠራዋል።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ሌላ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ተማሪው በዛ፤ የአንደኛ ዓመት፣ ማለትም የፍሬሽማን ትምህርትም ወንፊት ሆነ። የአንደኛው መንፈቅ ፈተና የሚያልቀው ከገና ጋር ተቀራርቦ ስለነበር ያን ጊዜ ውጤቱ ያልመጣለት ተማሪ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ጓደኛቸውን «ክሪስማስ ግራጁዌት»፣ የገና ምሩቅ፣ ይሉት ነበር። ስያሜው ያኔ የነበረውን አስተሳሰብ በግልጽ ያሳያል። ዩኒቨርሲቲው የሚመዝነው ስንቱን እንዳስተማረ ሳይሆን ስንቱን እንደለየ ነው፤ ብዙ መጣሉም የጥራት ምልክት ተደርጎ ይወሰድ ነበር። ለዚህ አስተሳሰብ መነሻ የሚሆን ምክንያት አልጠፋም፤ ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነው። ነገር ግን ከክፍለ ሀገር የመጣው፣ እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቀው፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ጊዜ የሚያዝበት ልጅ ከአንድ መንፈቅ በላይ ዕድል ቢያገኝ ምን ይሆን ነበር ብሎ የጠየቀ ብዙም አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን ተማሪውን ያስወጣው በውጤት አልነበረም። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ፤ የዩኒቨርሲቲውም መደበኛ ትምህርት ቆመ። ከዘመቻው በኋላ ብዙዎች አልተመለሱም። ከፊሉ በቀይ ሽብር ዘመን ሞተ፤ ከፊሉ ታሰረ፤ ከፊሉ ተሰደደ። የዚያ ትውልድ «ማቋረጥ» በምንም የሬጅስትራር መዝገብ ሊብራራ አይችልም። ለኋለኛው ታሪክ ግን አንድ ነገር ጥሎ አልፏል፤ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትምህርቱን የሚያቋርጥበት ምክንያት ከክፍሉ ውጭ፣ አንዳንዴም ከተማሪው አቅም በላይ ሊሆን እንደሚችል በደም አስተማረ።

አለማያ በግንቦት 1977 ዓ.ም. የግብርና ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ አስመራ ከኤርትራ ጋር ከተለየች በኋላም ሀገሪቱ ለዓመታት አዲስ አበባንና እሱን ብቻ ይዛ ቆየች። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ ኮሌጆች ወደ ዩኒቨርሲቲነት አደጉ። ከዚያም መንግሥት 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎችን በአንድ ጊዜ ለመክፈት ተነሣ፤ ግንባታውንም የጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂ.ቲ.ዜድ. መራው። ድሬዳዋ ከእነዚህ አንዷ ነበረች።

ዩኒቨርሲቲው የተወለደበት ዓመት ለከተማዋ የሐዘን ዓመት ነበር። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከመንገዱ ወጣና በእንቅልፍ ላይ የነበረውን ሕዝብ ወሰደ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ በሺዎች የሚቆጠር ቤት አልባ ሆነ። ከወራት በኋላ፣ በ1999 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ሲመጡ የተቀበላቸው ገና ከድንኳን ያልወጣ ሰው የነበረበት ከተማ ነው። ግቢው ሕንፃ ያልተጠናቀቀበት፣ ዛፍ ያልበቀለበት፣ አቧራና ጠራራ ፀሐይ የሚፈራረቁበት ሜዳ ነበር። ለአዲስ ዩኒቨርሲቲ ይህ የተለመደ አጀማመር ነው፤ ለተማሪው ግን የመጀመሪያው ሳምንት የሚወስነው ብዙ ነገር አለ።

በዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የፍሬሽማን ዓመት የላቸውም ነበር። ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ትምህርት ወደ መሰናዶ፣ ማለትም ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል ወርዶ የአብዛኛው የዲግሪ ትምህርት ሦስት ዓመት ሆኖ ነበር። ስለዚህ ከመሰናዶ የወጣ ልጅ በቀጥታ የሙያ ትምህርቱን ይጀምር ነበር። ሐሳቡ ጊዜና ገንዘብ መቆጠብ ነበር። ይሁን እንጂ የድሮው ወንፊት ከነጉድለቱ አንድ ጥቅም ነበረው፤ ልጁ ዩኒቨርሲቲን እስኪለምድ ድረስ በጠቅላላ ትምህርት ውስጥ ይቆይ ነበር። ወንፊቱ ሲነሣ መልመጃውም አብሮ ተነሣ። በ1996 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወጪ መጋራት ደንብም ሌላ ለውጥ ነበር። ተማሪው የምግብ፣ የመኝታና የትምህርቱን ከፊል ወጪ ከተመረቀ በኋላ ሊከፍል ይፈርማል፤ አቋርጦ የሄደውም የተማረበትን ያህል ዕዳ ይዞ ይሄዳል።

ተማሪውን ወደ ድሬዳዋ የሚያመጣው ምደባ ነው። የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ምርጫውን ይሞላል፤ ሚኒስቴሩ ይመድባል። በዚህ መንገድ ከጎጃም ደጋ፣ ከሲዳማ፣ ከትግራይ፣ ከወለጋና ከኦጋዴን የመጡ ልጆች በአንድ ዶርም ተደርበው ይተኛሉ። በሀገር ግንባታ በኩል ይህ አሠራር ያለው ዋጋ ትልቅ ነው። በማቆየት በኩል ግን የመጀመሪያው ፈተና እዚሁ ይጀምራል። ድሬዳዋን ያልመረጠ ልጅ ድሬዳዋ ደርሷል። በፊት የሚመጣበት የአውቶቡስ መንገድ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ነው፤ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር አለ። ለብዙው ተማሪ ግን ቤቱ ከአዲስ አበባም የሌላ ቀን መንገድ ነው። ገና ከመድረሱ ዝውውር የሚጠይቀው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ዝውውሩ ያልተሳካለት ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ይለምዳል ወይም ይሄዳል።

የከተማዋ አየር ለለመደው ደስ ይላል። ለደጋ ልጅ ግን ከባድ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች፤ ሙቀቷ የሚብሰው በግንቦትና በሰኔ ነው። የሁለተኛው መንፈቅ የመጨረሻ ፈተና የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ያን ሰሞን ነው። ቀን ክፍሉ ይፋጃል፤ ማታ ዶርሙ ያን የዋለበትን ሙቀት መልሶ ይተነፍሳል፤ መብራት ሲጠፋ ቬንቲሌተሩ ይቆማል። የከተማው ሰው መላውን ያውቃል። በጠዋት ሥራውን ይሠራል፤ ቀትር ላይ ጋብ ይላል፤ አመሻሹ ላይ እንደገና ይነቃል። ከዚራ ጥላ ሥር ያለው ሕይወት የተሠራው በዚህ ሥርዓት ነው። ተማሪው ግን የሚኖረው በፕሮግራም ነው። በ2006 ዓ.ም. ከተማዋን የመታው የዴንጊ ወረርሽኝ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያሳመመው ቺኩንጉንያ ሲጨመርበት፣ የሚማርበትን አገር ፈርቶ የሚሄድ ልጅ ምክንያት አጥቶ አይደለም።

ጫትም አለ። የጫት ንግድ ከተማዋ አወዳይ ቅርብ ናት፤ የከተማዋ በርጫ የከሰዓት በኋላ ማኅበራዊ ሕይወት ነው፤ ነጋዴው የሚነግድበት፣ ሽማግሌው የሚያስታርቅበት። ለነባሩ ሰው ልማዱ ወሰን አለው። ከሌላ አገር የመጣው ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ለፈተና ሌሊት ነው፤ ሦስት ሌሊት ያነቃዋል፤ በአራተኛው ቀን ምርቃናው ሲወርድ ሳይፈተን ይተኛል። በዓመቱ መጨረሻ ውጤቱ ሲታይ «ወደቀ» ይባላል እንጂ እንቅልፍ ስለነሣው ልማድ የሚጻፍ ነገር የለም።

ከዩኒቨርሲቲ መውጣት ምን እንደሚመስል ለማየት የክሊራንስ ቅጹን መከታተል ይበቃል። ተማሪው አንድ ወረቀት ይዞ በየቢሮው ይዞራል። ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል፤ ያልመለሰው መጽሐፍ ካለ ይታያል፤ ይፈረምለታል። ዶርም ይሄዳል፤ ፕሮክተሩ ፍራሹን፣ ቁልፉንና ሎከሩን ይረከባል፤ ይፈርማል። ካፌ ይሄዳል፤ ሚል ካርዱን ይመልሳል። ስፖርት ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ ትምህርት ክፍል፣ የተማሪዎች ዲን፣ በመጨረሻም ሬጅስትራር። ከሰባት የማያንስ ፊርማ ይሰበስባል። እያንዳንዱ ፊርማ የሚያረጋግጠው አንድ ነገር ነው፤ ተማሪው ያልመለሰው ንብረት እንደሌለ። ከፈራሚዎቹ አንዱም «ለምን ትሄዳለህ?» ብሎ የመጠየቅ ግዴታ የለበትም። ዩኒቨርሲቲው ፍራሹን መቁጠር ያውቅበታል፤ ልጁን ግን የሚቆጥርበት ቅጽ አልነበረውም። በዚያ ወረቀት ላይ የአማካሪ አንድ መስመር መጨመር፣ ብዙ ገንዘብ ከሚፈስባቸው ሥራዎች ሁሉ ይልቅ ርካሹና ምናልባትም ፍሬው ፈጥኖ የሚታየው እርምጃ ነው። ክሊራንስ ሳይሞላ ድንገት የሚጠፋው ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ መጥፋቱ የሚታወቀው በሚቀጥለው መንፈቅ ምዝገባ ስሙ ሲጎድል ነው፤ ተመልሶ ልማር ቢልም በሥርዓቱ የማቋረጫ ቅጽ (ዊዝድሮው) ስላልሞላ በሩ ይጠብበታል።

የአሜሪካው ሶሲዮሎጂስት ቪንሰንት ቲንቶ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ያነሣው ነጥብ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ቲንቶ የፈረንሳዊውን የኤሚል ዱርኬምን ስለ ራስ ማጥፋት የተጻፈ ጥናት መነሻ አድርጎ፣ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣው በችሎታ ማነስ ብቻ ሳይሆን ከትምህርቱም ከግቢው ማኅበረሰብም ጋር ሳይዋሐድ ሲቀር ነው አለ። አማርኛ ይህን ስሜት በአንድ ቃል ያውቀዋል፤ ባይተዋርነት። ባይተዋር የሆነ ልጅ ውጤቱ ደኅና ሆኖም ይሄዳል፤ ሰው ያለው ልጅ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶትም ይቆያል።

በድሬዳዋም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ለባይተዋሩ ተማሪ ሰው የሚሆኑለት ብዙ ጊዜ ከመዋቅሩ ውጭ ያሉ ናቸው። የኦርቶዶክሱ ግቢ ጉባኤ፣ የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓ፣ የወንጌላውያኑ ፌሎሺፕ አዲስ ገቢውን ከአውቶቡስ ሲወርድ ሻንጣውን ተሸክመው ይቀበሉታል፤ ያለፈ ዓመት ማስታወሻ ይሰጡታል፤ ሲታመም ሐኪም ቤት ያደርሱታል፤ ብር ሲቸግረው ያዋጡለታል። የበጎ አድራጎት ክበባት ለተቸገሩ ተማሪዎች ሳሙናና ደብተር ይሰበስባሉ። ከግቢው በር ላይ ያሉ ሻይ ቤቶችና ሱቆች ደግሞ የዱቤ ደብተር አላቸው። በዚያ ደብተር ላይ ስሙ የሰፈረ ልጅ ቤተሰቡ እስኪልክለት ድረስ ቁርሱን አያጣም። ለትምህርት ጥናት ምንም የማይመስለው ያ ደብተር ስንቱን ተማሪ እንዳቆየ ማን ይቆጥረዋል! የጥንቱ ደረሳና የቆሎ ተማሪ የበላበት ያ ልማድ ስሙን ቀይሮ አለ።

መዋቅሩም ባዶ እጁን አልተቀመጠም። ለሴት ተማሪዎች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ተደርጎ ቢገቡም ከገቡ በኋላ ብዙዎቹ ስለሚወጡ፣ የሥርዓተ ጾታ ጽሕፈት ቤቶች ቲቶሪያልና ለችግረኞች የኪስ ገንዘብ ማዘጋጀት ጀመሩ። በር ከፍቶ ማስገባትና ማቆየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ከሁሉ አስቀድሞ ያሳየው የሴቶች ጉዳይ ነው። የ1 ለ 5 አደረጃጀት ደግሞ አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስቱን እንዲያስጠና የታሰበ ነበር። ከፖለቲካ ጋር ተጣብቆ መምጣቱ ጎዳው፤ ተማሪው በቁጥጥር ዐይን አየው፤ ሲፈርስም የሚያዝንለት አልነበረም። ያም ሆኖ በጋራ የማጥናት ሐሳቡ ስሕተት አልነበረውም። የምግቡ ጉዳይ ከሁሉም ዘግይቷል። ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው ገንዘብ ለረጅም ጊዜ 15 ብር፣ ቀጥሎ 22 ብር ሆኖ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ተደረገ። የዋጋውን ንረት የሚያውቅ ሰው በ22 ብር ሦስት ጊዜ መመገብ ምን ማለት እንደሆነ ይረዳል፤ ከቤቱ የሚላክለት የሌለው ልጅ የሚያቋርጥበት ትልቁ ምክንያት ሆዱ ሊሆን ይችላል።

ዩኒቨርሲቲዎቹን ሁሉ ያናወጠው ግን የ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በጥቅምት መጨረሻ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገደሉ፤ ውጥረቱ በብዙ ግቢዎች ተዛመተ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ብሔራችን አደጋ ላይ ይጥለናል ብለው ወደ ቤታቸው ሸሹ። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ትምህርት ከተስተጓጎለባቸውና ተማሪዎች ግቢ ለቀው ከወጡባቸው አንዱ ሆነ። አምስት ቋንቋ በአንድ ጎዳና የሚሰማባት፣ «አቦ» ብሎ የማያውቀውን ሰው የሚጠራ ሕዝብ ያለባት ከተማ፣ በግቢዋ ውስጥ ልጆች በብሔር ተለያይተው ሲያድሩ ማየቷ ከባድ ነበር። መንግሥት ፌዴራል ፖሊስ በየግቢው አስገባ፤ ተማሪና ወላጅ የሰላም ውል እንዲፈርሙ አደረገ። ውሉ ለጊዜው ሰላም ጠብቆ ይሆናል፤ የሄደውን ልጅ ግን የሚመልሰው ፊርማ አይደለም። እናቱ «አትሂድ» ያለችው ልጅ የሚመለሰው እዚያ የሚጠብቀው ሰው እንዳለ ሲያምን ነው።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለ መልስ የመጣው ከጎንደር ነው። በእነዚያው ዓመታት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቃል ኪዳን ቤተሰብ የተባለውን ፕሮጀክት ጀመረ። ከሌላ አካባቢ የተመደበ ተማሪ ከከተማው አንድ ቤተሰብ ጋር ይተዋወቃል፤ ቤተሰቡ እንደ ልጁ ሊያየው ቃል ይገባል። በበዓል ቤት ይጠራል፤ ሲታመም ይጠየቃል፤ ወላጆቹ ከሩቅ ስልክ የሚደውሉለት ሰው ያገኛሉ። ሐሳቡ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተሻግሯል። ይህ ከውጭ የተቀዳ አይደለም፤ የቆሎ ተማሪን ያበላ ሕዝብ ልማድ ለዘመኑ ተስተካክሎ ሲመለስ ነው። ለድሬዳዋ ደግሞ ከማንም ይበልጥ ይስማማታል፤ ከተማዋ ከመነሻዋ የተሠራችው ከሌላ አገር በመጡ ሰዎች ነው፤ የትኛውም ተማሪ ከየትም ይምጣ የአገሩን ቋንቋ የሚናገር ሰው አያጣባትም።

ግቢዎቹ ገና ሳይረጋጉ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ተዘጋ፤ ተማሪው ወደየቤቱ ተላከ፤ የተመለሰው በ2013 ዓ.ም. በየተራ ነው። ብዙ ወራት ቤት የተቀመጠ የገበሬ ልጅ ማረሻ ይጨብጣል፤ የነጋዴ ልጅ ሱቅ ይገባል፤ ሴት ልጅ ትዳር ይመጣባታል። በሰሜን የተነሣው ጦርነት ደግሞ ከትግራይ፣ ከአማራና ከአፋር ለመጡ ተማሪዎች መንገዱን ዘጋ፤ ከቤተሰቦቻቸው ጋር በስልክ እንኳ የማይገናኙ ነበሩ።

በመካከሉ በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ተመልሶ ነበር። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንደገና የጋራ ትምህርት ይማራል፤ የሙያ መስኩን የሚመርጠው በኋላ ነው። ከ16 ዓመት ገደማ በኋላ የተመለሰው ይህ ዓመት፣ ለመልመድ ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ ለማቆየት ትልቅ መሣሪያ ነው። እንደ ድሮው ወንፊት ብቻ ከሆነ ግን የገና ምሩቅን ዘመን መመለስ ይሆናል።

ወንፊቱ ግን ከዩኒቨርሲቲው በፊት ወዳለው ደጅ ተዛወረ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪዎችን ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በማጓጓዝ ተሰጠ። ኩረጃው ቀነሰ፤ ውጤቱም አስደነገጠ። ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ 3.3 በመቶ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ ከዚያ 5.4 በመቶ ሆነ። ዶርሞች ባዶ ቀሩ። የማካካሻ፣ በተለምዶ ሪሚዲያል የሚባለው ፕሮግራም የተጀመረው ለዚህ ነው። የማለፊያውን ነጥብ ያላገኙ ነገር ግን የተሻለ ውጤት ያላቸው ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ጥቂት ወራት ተምረው እንደገና ይፈተናሉ፤ 50 በመቶ ካመጡ ይቀጥላሉ።

ሪሚዲያል ማቆየትን በአዲስ መልክ አመጣው። ተማሪው ዶርም ተሰጥቶታል፣ ካፌ ይበላል፣ ግን ገና ተማሪ አይደለም። ለጓደኞቹ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ ብሏል፤ ቤቱም ደግሷል። ካላለፈ ከገና በፊት ይሁን ከሰኔ በኋላ መመለሱ አይቀርም፤ ሻንጣው ደግሞ ከድሬዳዋ ወደ ጎጃም የሚሄድ ሻንጣ ነው። በዚህ ፕሮግራም ያሉ መምህራን የሚያስተምሩት 11ኛና 12ኛ ክፍል ላይ የጎደለውን ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛና የመሳሰለውን ነው። ይህን በወራት ማካካስ ከባድ ነው። ቢሆንም የሁለተኛ ዕድል በይፋ መሰጠቱ ራሱ በዚህ ታሪክ ውስጥ አዲስ ነገር ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ያልበቃውን ልጅ አብቅቶ የመያዝ ግዴታ የወሰደው በዚህ ጊዜ ነው።

መጨረሻው በር ላይም ሌላ ፈተና ቆሟል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶ ማምጣት ግዴታው ሆነ። ኮርሱን ጨርሶ፣ 2.00 እና ከዚያ በላይ ነጥብ ይዞ፣ የመውጫ ፈተናውን ያላለፈ ተማሪ ዲግሪውን አያገኝም፤ ክሊራንስ ሞልቶ ፍራሹን መልሶ ይወጣል፤ እንደገና ለመፈተን ይመዘገባል። ስለዚህ በድሬዳዋ ግቢ ከሦስቱ መንገዶች ሌላ አራተኛ ዓይነት አወጣጥ አለ፦ ያላቋረጠ፣ ያልተባረረ፣ ገና ያልተመረቀ። በፈተና ሰሞን እነዚህ ልጆች በባቡሩም በአውቶቡሱም ይመለሳሉ፤ ዶርም ስለሌላቸው ከከተማው ቤት ተከራይተው፣ አምስት ስድስት ሆነው በአንድ ክፍል፣ በሙቀቱ መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ያጠናሉ።